ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት

የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ ባረፉ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ዩሪ ቮሮኖይ የተባሉ ቀዶ ሐኪም በዩክሬኗ ኬርሰን ከተማ ከአንድ የ60 ዓመት ሰው አስከሬን ኩላሊት አውጥተው ለአንዲት የ26 ዓመት ሴት ተከሉ። ሴትዮዋ ራሷን ለማጥፋት የሜርኩሪ መርዝ ወስዳ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው ነበር። አዲሱ ኩላሊት ጥቂት ሽንት ጠብ አደረገ፤ እሷ ግን በሁለተኛው ቀን ሞተች። ከሰው ወደ ሰው የተሞከረው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይህ ነው።

ደም ሥርን ከደም ሥር ጋር የመስፋት ጥበብ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ፈረንሳዊው አሌክሲ ካሬል በዚሁ ሥራቸው ከ21 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1912፣ ኖቤል ተሸልመዋል። የንቅለ ተከላ ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ ፊት የሚወጣው ቢላዋ የያዘው ሐኪም ነው፤ እኔ ግን ታሪኩ የክኒን ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ስፌቱ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ክኒኑ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ ሰው የሞተውም የዳነውም በአብዛኛው በክኒኑ መጠን ነው።

ያኔ ጅማ ውስጥ ለዚህ ወሬ ቦታ አልነበረም። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መነሻ እንኳ ከዚያ በኋላ ጣልያን በወረራው ዘመን ለወታደሮቹ ያቆመው ሆስፒታል ነው። ከጅማዎቹ ሰፈሮች ከሔርማታ ይሁን ከጊንጆ ጉዱሩ፣ ፊቱ አብጦ ሽንቱ የነጠፈ ሰው ቤቱ ተኝቶ «ምች ነው» ይባልና በሳምንታት ውስጥ ይቀበር ነበር። ሐኪም ዘንድ ቢደርስም ለውጥ አልነበረውም፤ ለንደን ያለው ሐኪምም ቢሆን ያኔ የተሻለ ነገር አልነበረውም።

ስፌቱ ሳይሆን ሌላ ነገር እንደጎደለ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ፒተር ሜዳዋር የተባሉ የእንስሳት ተመራማሪ ከቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ጊብሰን ጋር በግላስጎው አንዲት ክፉኛ የተቃጠለች ሴት አከሙ። ከወንድሟ ቆዳ እየላጩ ቁስሏ ላይ ለጠፉላት። ቆዳው ለጥቂት ጊዜ ያዘና ተላጠ። ከዚያው ወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ ሲለጥፉላት ቆዳው ከፊተኛው ፈጥኖ ወደቀ። ሜዳዋር ቁም ነገሩን የያዙት ከዚህ ፍጥነት ነው፤ ሰውነቷ የወንድሟን ቆዳ አንዴ አይቶ አውቆታል፣ ሁለተኛው ሲመጣ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል። ከእናት ከአባት አንድ መሆን ለሰውነት በቂ ዝምድና አይደለም።

በቂ የሚሆነው መንታ ሲሆን ብቻ ነው። ዲሴምበር 23 ቀን 1954 ቦስተን በሚገኘው ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ዶ/ር ጆሴፍ መሪ ከሮናልድ ሔሪክ ኩላሊት ወስደው ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉ። አንድ ዓይነት መንታ ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን የራሱ አድርጎ ተቀበለው። ሪቻርድ የምታስታምመውን ነርስ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ስምንት ዓመት ኖረ። ዓለም ሁሉ ተደሰተ። ነገር ግን ኩላሊቱ ከደከመ ሰው መካከል ስንቱ ነው ቁርጥ እሱን የሚመስል መንታ ያለው?

መንታ ለሌለው የተሞከረው የመጀመሪያ መፍትሔ ጨረር ነበር። መላ ሰውነትን በኤክስሬይ እየመቱ የመከላከል አቅሙን አዳክሞ ኩላሊቱን መትከል። ቦስተን ውስጥ እንዲህ ከታከሙት አብዛኞቹ ሞቱ፤ ኩላሊቱ ሳይገፋ ኢንፌክሽን የገደላቸውም ነበሩ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጨረር አንዴ ከተሰጠ ሲበዛ የሚመልሱት ነገር አልነበረም።

መልሱ የመጣው ለካንሰር ተብሎ ከተሠራ መድኃኒት ነው። ገርትሩድ ኤልየን እና ጆርጅ ሂቺንግስ አሜሪካ ውስጥ ለደም ካንሰር የሚሆን ንጥረ ነገር ሠርተው ነበር። ኤልየን በሴትነታቸው የተነሳ ሥራ ተነፍገው ቆይተው፣ ዶክትሬት ሳይኖራቸው ወደ ላቦራቶሪ የገቡ ኬሚስት ናቸው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ተሸልመዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት የቦስተን ሐኪሞች ይህ መድኃኒት የጥንቸልን የመከላከል አቅም እንደሚገታ አሳዩ። ወጣቱ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ሮይ ካሊን በውሾች ላይ ሞከሩት፤ የተሻሻለው ልጁ አዛታዮፕሪን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዶ/ር መሪ ዝምድና ከሌለው ሟች የተወሰደ ኩላሊት በአዛታዮፕሪን ታግዘው ተከሉ፤ ታካሚው ከአንድ ዓመት በላይ ኖረ። በዓመቱ ዴንቨር ውስጥ ቶማስ ስታርዝል አዛታዮፕሪንን ከፕሬድኒሶን ጋር አጣመሩት። ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ከጀመረ በኋላ እንኳ ፕሬድኒሶኑን ከፍ በማድረግ መመለስ እንደሚቻል ሲያሳዩ፣ እስከዚያ ድረስ የማይከፈት ይመስል የነበረው በር ተከፈተ።

ሆኖም በሩ ሁለት ጎን ነበረው። ዲሴምበር 3 ቀን 1967 ኬፕ ታውን ውስጥ ክርስቲያን ባርናርድ ከሰው ወደ ሰው የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ አደረጉ። ልቡን የተቀበለው ሉዊስ ዋሽካንስኪ በ18ኛው ቀን ሞተ። ልቡ እስከ መጨረሻው ጥሩ ይመታ ነበር፤ የገደለው የሳንባ ምች ነው። ሰውነቱ ልቡን እንዳይገፋ ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት ምቹንም እንዳይገፋ አድርጎታል። ዛሬ ጅማ ውስጥ አንድ ታካሚ «ክኒኑ ባነሰ ቁጥር አይሻልም?» ወይም «ትንሽ ብጨምርበት ምን አለበት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ ከዋሽካንስኪ ጀምሮ ተጽፏል።

ቀጣዩ ምዕራፍ ከአፈር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 የስዊሱ ሳንዶዝ ኩባንያ ሠራተኛ ለዕረፍት ኖርዌይ ሄዶ ከሐርዳንገርቪዳ ደጋ አንድ እፍኝ አፈር በላስቲክ ከቶ ወሰደ። ኩባንያው ሠራተኞቹ በየሄዱበት አፈር እንዲያመጡ ያበረታታ ነበር። ከዚያ አፈር ከበቀለ ሻጋታ ሳይክሎስፖሪን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የመከላከል አቅምን እንደሚገታ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1978 ያው ሮይ ካሊን በካምብሪጅ ለሰው ሰጡት። ኩላሊቶቹ ያዙ። ግን መጠኑ ከፍ ያለ ነበርና ከታካሚዎቹ ጥቂቶቹ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ያዛቸው፤ ከዚህም ሌላ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር ታየ፤ ኩላሊትን የሚጠብቀው መድኃኒት ሲበዛ ራሱ ኩላሊትን ይመርዛል። ሐኪሞች መጠኑን እየቀነሱ፣ ከፕሬድኒሶን ጋር እያዋሐዱ፣ ደም እየቀዱ እየለኩ መስጠት የተማሩት በዚህ ነው። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲፈቀድ ቀድሞ ግማሽ ያህሉ ተከላ በዓመት ውስጥ ይበላሽ የነበረው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ።

በዚያው በ1983 ጅማ ላይ የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ተማሪዎቹን ከሆስፒታሉ ግቢ አስወጥቶ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር፣ ወደ ቡናው አገር ጎማና ማና፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ሰቃ የሚልክ ትምህርት ቤት ነበር። ያኔ የሚያስጨንቃቸው ወባ፣ ተቅማጥና የወላድ ሞት ነው። ስለ ኩላሊት ተከላ የሚያስብ አልነበረም ቢባል ስድብ አይሆንም። ግን የኋላውን ታሪክ የሚሸከመው ይኸው ቤት ለቤት የመሄድ ልማድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የጃፓን ተመራማሪዎች ከጹኩባ ተራራ ሥር ከወሰዱት አፈር ሌላ መድኃኒት አወጡ። ታክሮሊመስ ይባላል። ዛሬ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው የሚውጠው ዋናው ክኒን እሱ ነው። ከእሱ ጋር ማይኮፌኖሌት እና ፕሬድኒሶሎን ይሰጣሉ፤ ሦስቱ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ የእያንዳንዳቸው መጠን ዝቅ ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 «ሲምፎኒ» የተባለው ትልቅ ጥናት ከ1,600 በላይ ታካሚዎችን ለአራት ቡድን ከፍሎ ሲያወዳድር አሸናፊ ሆኖ የወጣው አነስተኛ መጠን ያለው ታክሮሊመስ ነበር። የታለመው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ3 እስከ 7 ናኖግራም ነው። ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። መጠኑ ሲያንስ ኩላሊቱ ሊገፋ፣ ሲበዛ ደግሞ እጅ ሊንቀጠቀጥ፣ ስኳር ሊወጣ፣ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ጠባብ መንገድ ይበልጥ የሚያጠብ ነገር ደግሞ ከእኛው ዘር ውስጥ አለ። በስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት አንድን መድኃኒት ፈጪ ጂን ደጋግመው እንደሚሸከሙ አሳዩ። ያ ጂን ታክሮሊመስን የሚፈጨው አይደለም፣ ዘር የመድኃኒትን መጠን እንደሚለውጥ ግን ያሳያል፤ ታክሮሊመስን የሚፈጨው ሌላ ነው፣ እሱም በአፍሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት ይሠራል። የሚሠራለት ሰው ያንኑ የደም መጠን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ክኒን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከአጠገቡ የተኛው ታካሚ 2 ሚሊ ግራም ሲወስድ ለእሱ 4 የታዘዘለት ሰው «ሐኪሙ ተሳሳተ» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ክኒን ማወዳደር የለበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መደበኛ የኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ ውስጥ በግል ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ነው። ተከላ ግን አልነበረም፤ ያለው ሰው ወደ ሕንድ ይሄድ ነበር። የሌለው ምን እንደሚያደርግ የአዲስ አበባና የጅማ ነዋሪ በዓይኑ አይቷል፤ የታካሚው ፎቶ የታተመበት ባነር የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በየመንደሩ ይዞራል፣ ወጣቶች ሣጥን ይዘው በየሱቁ ይገባሉ። ገንዘቡ ሞልቶ ሕንድ ደርሶ ኩላሊት ተተክሎለት የተመለሰ ሰው ሲመጣ የሚጠብቀው ግን ሌላ ፈተና ነው። በሻንጣው የያዘው ክኒን የሦስት ወይም የስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ዘመድ ያገኘውን ይልካል፤ አንዴ የሕንድ፣ አንዴ የዱባይ፣ አንዴ የአሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታኒያ መድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል ታክሮሊመስ በንግድ ስሙ ተለይቶ እንዲታዘዝና ታካሚው ካንዱ ወደ ሌላው በዘፈቀደ እንዳይቀየር አሳስቧል። በቀን ሁለቴ የሚወሰደውና በቀን አንዴ የሚወሰደው ሲቀያየሩ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ የባሰ ነው። ከዘመድ የመጣ ብልቃጥ ስሙ አንድ ቢሆንም ሳይነገር መቀየር የለበትም፤ ከተቀየረም ደም ማስለካት ግድ ነው።

መድኃኒትን በሰዓቱ የመዋጥ ባህል በአገራችን በሰፊው የተዘራው ለኩላሊት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ሲታደል ጤና ባለሙያዎቹ ለሺዎች «ሰዓት አትሳቱ» ብለው አስተማሩ። ሰው በሬዲዮ ዜና፣ በአዛን፣ በቤተ ክርስቲያን ደወል፣ በሞባይል ማንቂያ ክኒኑን ማሰር ለመደ። የዚያ ትምህርት ፍሬ ኋላ ለመጡት ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው ታካሚዎች ደረሰ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

መስከረም 2008 ዓ.ም አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ቀዶ ሐኪም ጄፍሪ ፓንች እና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያኑ ሐኪሞች ጋር አብረው ሠሩ፤ ሁለቱን ተቋማት በማገናኘት ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የሚሺጋን ፕሮፌሰር ዶ/ር ሰናይት ፍስሃ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ለጋሹ ሕያው ዘመድ ነበር፤ ኩላሊት መሸጥ መለወጥ የተከለከለ ነው። ጋዜጦች ስለ ቀዶ ሕክምናው ጻፉ። ታካሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ስላለው ነገር የጻፈ ግን ጥቂት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ጊንጆ ጉዱሩ የሚኖር አንድ ታካሚ እናስብ። እህቱ ኩላሊቷን ሰጥታው ቅዱስ ጳውሎስ ተተክሎለታል እንበል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ላይ ይጠቅመዋል፤ በ12 ሰዓት ልዩነት የሚወሰደው ክኒን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ሲባል አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ከምግብ ጋር ከለመደ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር፣ ያለ ምግብ ከለመደ ሁልጊዜ ያለ ምግብ ይወስዳል። ረስቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈው ያስታወሰ ጊዜ ይውጠዋል፤ የሚቀጥለው ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተወዋል። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ የለም።

የቀጠሮ ሰሞን ትንሽ ጨዋታ አለ። የታክሮሊመስ መጠን የሚለካው በደሙ ውስጥ ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ የሚቀጥለው ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ስለዚህ ታካሚው በዋዜማው በሌሊት ከጅማ መናኸሪያ ይሳፈራል፤ የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፎ ከሰዓት አዲስ አበባ ይገባል። ማታ 1 ሰዓት ክኒኑን ዘመድ ቤት ይውጣል። በማግስቱ ጠዋት የ1 ሰዓቷን ክኒን በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ ሳይውጣት ሆስፒታል ይሄዳል። ወረፋ ይጠብቃል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው ከደጅ ውሃ ገዝቶ የሚውጣት። ቤቱ ውጧት ከመጣ ቁጥሩ ያለ ልክ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ያንን ያላወቀ ሐኪም መጠኑን ይቀንስበታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የኩላሊት ድካም ምልክት የሆነው ክሬቲኒን በደሙ ውስጥ መጨመር ይጀምራል። አንዲት ክኒን ያለ ሰዓቷ በመዋጧ ኩላሊት የሚጠፋበት መንገድ እንዲህ ቀላል ነው።

ከዚያ ወደ ጅማ ይመለሳል፤ አደጋው ያለውም እዚያው ኑሮው ውስጥ ነው። ጀርባውን ሲያመው የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሊሰጠው ይችላል፤ ሁለቱም ታክሮሊመስ ያለበትን ኩላሊት ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይበቃው ነበር። ለቆዳ ቋቁቻ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞል፣ ለጉሮሮ የሚሰጠው ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ያንሩታል። ግሬፕፍሩትም እንዲሁ ያደርጋል። በተቃራኒው የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ይጥሉታል። ከሁሉም የከፋው ግን ቲቢ ነው። በአገራችን ቲቢ የተለመደ በሽታ ነው፣ የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል፤ የቲቢ ሕክምና ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን በቀናት ውስጥ ከደም ያጠፋዋል ለማለት ይቀላል። ጤና ጣቢያው በቅንነት የቲቢ መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል፤ ተከላው ያለበትን ማዕከል ካልጠየቀ ግን ቲቢው ሲድን ኩላሊቱ ይሄዳል። የተተከለለት ሰው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም የያዘ ካርድ ከመታወቂያው ጋር መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። በክረምቱ ማብቂያ ወባ ሲይዘውም ካርዱን አስቀድሞ ማሳየት አለበት።

ተቅማጥ ሌላው ጉድ ነው። ሰው ተቅማጥ ሲይዘው «ክኒኑ ታጥቦ ወጣ» ብሎ ይጨምራል፤ ታክሮሊመስ ግን ተቅማጥ ላይ በደም ውስጥ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ማይኮፌኖሌት ራሱ ተቅማጥ ያመጣልና «ይኼው ነው የጎዳኝ» ብሎ በራሱ ጊዜ የሚተወውም አለ። ሁለቱም ውሳኔ ስልክ ሳይደወል የሚደረግ አይደለም።

ገበታው ላይ ደግሞ ክትፎና ጥሬ ሥጋ አለ። ይህንን መተው እንዳለበት ለጉራጌውም ለኦሮሞውም ማስረዳት ከባድ ነው፤ ለሠርግ ጥሬ ቁርጥ ሲቀርብለት «በልቼ አደግሁት» ይላል። አድጎበት ይሆናል። አሁን ግን ሳልሞኔላን የሚመልስለት አቅም በገዛ ክኒኑ ወርዷል። ያልፈላ ወተትና አይብም ከዚህ ይቆጠራሉ። ቡናውን ግን ይጠጣ፤ ለቡናው አገር ለአጋሮ ልጅ ቡና ተው ማለት ተሰሚነት ማጣት ነው። ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድና የባህል መድኃኒት ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከታክሮሊመስ ጋር ምን እንደሚሆኑ በሰው ላይ በወጉ አልተመረመሩም፣ ሐኪም ሳያውቅ አይጀመሩም። ጫት ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ሲመታ አያውቀውም፤ የሞባይሉ ማንቂያ እዚያ ነው የሚፈተነው።

የጾሙ ነገር በጅማ በሙስሊሙም በኦርቶዶክሱም ዘንድ ይነሳል። በረመዳን ከሱሁር እስከ ኢፍጣር 13 ሰዓት ያህል ነው፤ 12 ለ12 የነበረው ልክ ይዛባል። በሑዳዴ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ክኒን ያቆየዋል። ሐኪሞች በተለይ በመጀመሪያው ዓመት አትጹሙ ይላሉ፤ ኢማሙም ቄሱም ለሕመምተኛ የሚሉት ከዚህ አይለይም። ጠበል ላይ ክኒን ጥሎ መሄድም አለ። ጠበሉን ይጠመቅ፣ ክኒኑን ግን አብሮ ይያዝ፤ ፕሬድኒሶሎንን ለዓመት የወሰደ ሰው ባንድ ጊዜ ካቆመ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ረስቷልና ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ሴት ታካሚን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ማይኮፌኖሌት ጽንስን ያበላሻል። ልጅ የምትፈልግ ሴት ከማርገዟ አስቀድማ ለሐኪሟ ከነገረች በአዛታዮፕሪን፣ በዚያው በ1962ቱ አሮጌ መድኃኒት፣ ይተካላታል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚነገረው ካረገዘች በኋላ ነው፤ ያኔ ረፍዷል።

ኮቪድ ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ድርብ ፍርሃት ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች 658 ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ሰዎች ተከታትለው፣ ሁለት ጊዜ ከተከተቡ በኋላ እንኳ ፀረ እንግዳ አካል የሠራላቸው 54 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኙ። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ በሕይወት ባለ ተሕዋስ የሚሠሩ ክትባቶች ደግሞ ጭራሹን አይሰጧቸውም። ስለዚህ የቤተሰቡ መከተብ ነው የሚሸፍናቸው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ቦስተን እንደገና ወሬ ሆነች። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የጂን ለውጥ የተደረገበት አሳማ ኩላሊት በሕይወት ላለ ሰው ተተከለ፤ ታካሚው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሞተ፤ ሆስፒታሉ የሞቱ ምክንያት ተከላው ለመሆኑ ምልክት አላየሁም ብሏል። ከሔሪክ መንትዮች 70 ዓመት በኋላም ሰውየው የሚውጠው ነበረው፤ አዳዲስ ፀረ እንግዳ አካላት ተጨምረው፣ ከሥራቸው ያው የለመድናቸው ክኒኖች።

ለጅማ የአሳማ ኩላሊት ሩቅ ነው፤ የተከላ ቀዶ ሕክምና ክፍል መክፈትም ውድ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም አላስቀድምም። የታክሮሊመስ ምርመራ የሚሠራው በትንሽ ብልቃጥ ደም ነው፤ ደሙ እንዳይረጋ በሚያደርገው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ከተቀዳ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል። የኤች አይ ቪ ናሙናዎች በፖስታ ቤት መኪና ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ ሲጓዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ከጅማ አዲስ አበባ አውሮፕላንም ይበራል። ታካሚው ጠዋት ክኒኑን ሳይውጥ ከጊንጆ ጉዱሩ በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሄዶ ደሙን ያስቀዳ፣ እዚያው ይዋጣት፣ ወደ ሥራው ይሂድ። አዲስ አበባ የሚሄደው ቱቦው ይሁን፣ ውጤቱም ለሐኪሙ በስልክ ይድረስ። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ታክሮሊመስ መርጦ ሳያቋርጥ ለጅማ ይላክ።